የጠፋው ጠጠር፦ ጅማ ላይ በስልክ የተሠራ የገበጣ ጨዋታ (የጉዳይ ጥናት)

ጅማ ክረምት ሲገባ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይቀርም። ትምህርት ቤት በተዘጋበት ወቅት አምስት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ሄርማታ አካባቢ ካለች አንዲት የሞባይል ጥገና ቤት ጓዳ እየተሰበሰቡ በስልክ ጨዋታ ለመሥራት ተነሱ። ኮምፒውተር የላቸውም። ያላቸው ሦስት የአንድሮይድ ስልክ ነው። አንዱ ባለ6.5 ኢንች ሆኖ ስክሪኑ 1600 በ720 ፒክስል፣ ሁለተኛው ባለ5 ኢንች ሆኖ 1280 በ720፣ ሦስተኛው ደግሞ 1 ጊጋባይት ራም ብቻ ያለው አሮጌ ስልክ፣ 854 በ480። የመረጡት ጨዋታ ገበጣ ነው። ጠጠሩ የቡና ፍሬ እንዲሆን ሲስማሙ የተከራከረ አልነበረም፤ ጅማ ላይ ለገበጣ ጠጠር ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

ጨዋታው በአንድ ሳምንት ተሠራ። ሌላ ሰው ስልክ ላይ ገብቶ በትክክል እስኪሠራ ግን የክረምቱ ቀሪ ጊዜ አለቀ። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ልዩነት ላይ ነው፤ ምን ተበላሸ፣ ለምን፣ እንዴትስ ተስተካከለ።

መሣሪያው

የተጠቀሙበት አፕ ፖኬት ኮድ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ የግራዝ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረው ካትሮባት የተባለው ፕሮጀክት ውጤት ሲሆን ነፃና ክፍት ምንጭ ነው። ኮድ አይጻፍበትም። በቀለም የተለዩ ጡቦች አሉ፤ እነሱን እየጎተቱ አንዱን በሌላው ላይ መደርደር ነው። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2007 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያወጣውን፣ በተመሳሳይ መንገድ የሚሠራውን ስክራችን የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለምደዋል። ስክራች የአማርኛ ገጽታም ስላለው ተማሪዎቹ መጀመሪያ የሞከሩት እሱን ነበር። ነገር ግን የስክራች መሥሪያ የታሰበው ለኮምፒውተርና ለታብሌት ነው፤ የተሠራውን በስልክ ማጫወት ቢቻልም መሥራቱ ግን በጠባብ ስክሪን ላይ ጣትን ያስጨንቃል። ፖኬት ኮድ ከጅምሩ ለስልክ የተሠራ በመሆኑ ተመረጠ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስክሪኑ ላይ የሚታየው እያንዳንዱ ነገር «ዕቃ» ነው፤ ዕቃው ሦስት መሳቢያ አለው፦ ስክሪፕት፣ መልክ፣ ድምፅ። ስክሪፕት «ስነካ ይህን አድርግ»፣ «መልእክት ሲደርሰኝ ያንን አድርግ» የሚሉ የጡብ ድርድሮች ናቸው። መልክ የዕቃው ሥዕል ነው፤ አንድ ዕቃ ብዙ መልክ ይኖረዋል። ቁጥር የሚይዙ ተለዋዋጮችና ብዙ ቁጥር በተርታ የሚይዙ ዝርዝሮችም አሉ። ለገበጣ ዋናው ይኸው ዝርዝር ነው፤ 12 ቤት ማለት 12 ቁጥር ያለው አንድ ዝርዝር ማለት ነውና።

ሕጉን መወሰን

ገበጣን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን የየቤቱን ሕግ ነው። የአምስቱ ልጆች ቤት አምስት ዓይነት ገበጣ ይጫወታል ቢባል ማጋነን አይሆንም። አንዱ «አራት ሲሞላ ይበላል» ይላል፣ ሌላው «ባዶ ላይ ሲያርፍ ነው እንጂ» ይላል። ክርክሩ ሁለት ከሰዓት ፈጀ። ጡብ ከመንካት በፊት ሕጉን በወረቀት ላይ መጻፍ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው። በመጨረሻ የተስማሙበት ይህ ነው፦

12 ቤት፣ በየቤቱ 4 ጠጠር፣ በድምሩ 48። ከ1 እስከ 6 ያሉት ቤቶች የታችኛው ተጫዋች ናቸው፣ ከግራ ወደ ቀኝ ይቆጠራሉ። ከ7 እስከ 12 የላይኛው ናቸው፣ ከቀኝ ወደ ግራ። የተነሣው ጠጠር ከቀጣዩ ቤት ጀምሮ አንድ አንድ እየተጣለ ይዘራል። የመጨረሻው ጠጠር ጠጠር ካለበት ቤት ካረፈ የቤቱ ጠጠር በሙሉ ተነሥቶ መዝራቱ ይቀጥላል። ባዶ ቤት ካረፈ ተራው ያልቃል፤ ያ ባዶ ቤት የራሱ ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራውን ቤት ይበላል።

የቤቶቹ ቁጥር አሰጣጥ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ሥራውን ግማሽ ያቀለለው እሱ ነው። በዚህ አቆጣጠር ከቤት 1 ፊት ለፊት ያለው 12 ነው፣ ከ2 ፊት ለፊት 11፣ ከ6 ፊት ለፊት 7። ስለዚህ የፊት ለፊት ቤት ሁልጊዜ 13 ሲቀነስ የቤቱ ቁጥር ነው። ሁለቱንም ረድፍ ከግራ ወደ ቀኝ የቆጠረ ሰው ግን ለመዝራትም ለመብላትም የተለያየ ሁኔታ እየለየ ጡብ ሲደረድር ይውላል።

ከወረቀቱ ጋር አንድ የመሞከሪያ ሠንጠረዥም ተሠራ። በእውነተኛ ሰሌዳና በቡና ፍሬ ቤት 1 ተነሥቶ ተዘራ። አራቱ ፍሬ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ላይ ወደቁ። 5 ላይ አምስት ስለሆነ ተነሥቶ እስከ 10 ሄደ። ከ10 አምስት ተነሥቶ ዞሮ 3 ላይ አረፈ። ከ3 ስድስት ተነሥቶ 9 ላይ፣ ከ9 ስድስት ተነሥቶ እንደገና 3 ላይ። 3 አሁን ባዶ ነበርና ተራው አለቀ። ከመብላቱ በፊት የሰሌዳው መልክ ይህ ነው፦ ታች 2፣ 7፣ 1፣ 6፣ 1፣ 6፤ ላይ ከቤት 7 ጀምሮ 6፣ 6፣ 0፣ 1፣ 6፣ 6። ድምር 48። ከዚያ ቤት 3 ፊት ለፊቱ ያለውን ቤት 10 ይበላል፤ የሚያገኘው አንድ ፍሬ ብቻ ነው። ጨዋታው በስልክ ሲሞከር ከመጀመሪያው ንክኪ በኋላ ይህ ካልወጣ የሆነ ቦታ ስህተት አለ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ሳይዝ የሚሞክር ሰው የሚያየውን ሁሉ ያምናል፤ ስልኩ በፍጥነት ሲዘራ ዓይን አይከታተለውም።

ሰሌዳው

ገበጣ ወደ ጎን ስለሚረዝም ፕሮጀክቱ በአግድም ተከፈተ። በፖኬት ኮድ የስክሪኑ መሀል 0፣ 0 ነው። በ1600 በ720 ስክሪን ላይ ስድስቱ ቤቶች በአግድም −500፣ −300፣ −100፣ 100፣ 300፣ 500 ላይ ተቀመጡ፤ ታችኛው ረድፍ −130፣ ላይኛው 130። በግራና በቀኝ የተረፈው ቦታ የተበላው ጠጠር ለሚታይበት ሆነ። የአንዱ ቤት ሥዕል 180 በ180 ፒክስል ነው፤ በትልቁ ስልክ ላይ ወደ 17 ሚሊሜትር ስለሚሆን አውራ ጣት በደንብ ያርፍበታል።

ጠጠሩን ራሱን የቻለ ዕቃ ማድረግ፣ ማለትም 48 የቡና ፍሬ ዕቃ መፍጠር፣ የመጀመሪያው ሐሳብ ነበር። በአንድ ቀን ተተወ። የተሻለው መንገድ ለእያንዳንዱ ቤት 13 መልክ መስጠት ነው፦ ባዶ፣ ባለ1፣ ባለ2 እያለ እስከ ባለ12። ቤቱ በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር አይቶ መልኩን ይቀይራል። እዚህ ሁለት ወጥመድ አለ። መልክ ከ1 ነው የሚቆጠረው፣ ጠጠር ግን ከ0፤ ስለዚህ የመልኩ ቁጥር ጠጠር ሲደመር 1 ነው። ይህ ሲዘነጋ ባለ4 ቤት ሦስት ፍሬ ያሳያል፣ ተጫዋቹም «ሰረቀኝ» ይላል። ሁለተኛው፣ ጨዋታው ሲሞቅ ቤት ውስጥ ከ12 በላይ ጠጠር ይጠራቀማል፤ 14ኛ መልክ ግን የለም። ከጠጠሩ ቁጥርና ከ12 አነስተኛውን ወስዶ 1 መደመር ነገሩን ይዘጋዋል። ባለ12ው ሥዕል ላይ ፍሬው ተቆልሎ ተሳለና «12 ወይም ከዚያ በላይ» የሚለውን ማንም ሳይነገረው ተረዳው።

የሥዕል ነገር ከተነሣ፦ የመጀመሪያዎቹ ሥዕሎች ፍሬዎቹን ብቻ የያዙ፣ በመሀላቸው ያለው ክፍት ቦታ ደግሞ ምንም ቀለም የሌለው ነበር። ከታች የሰሌዳው ፎቶ ስላለ ያምራል። ነገር ግን ጣት በሁለት ፍሬ መሀል ሲያርፍ ጨዋታው አይሰማም፤ ቀለም የሌለው የሥዕል ክፍል ላይ መንካት ዕቃውን እንደ መንካት አይቆጠርምና። አንድ ጊዜ ይሠራል፣ አንድ ጊዜ አይሠራም። ልጆቹ ስልኩን «ታቹ ደክሟል» ብለው ጥገና ቤቱ ውስጥ ስክሪን ሊያስቀይሩ ምንም አልቀራቸውም ነበር። መፍትሔው ከፍሬዎቹ ሥር ሙሉ ክብ ቡናማ ጉድጓድ መሳል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

መዝራትና የጠፋው ጠጠር

የመጀመሪያው የመዝሪያ ስክሪፕት፣ ጠጠር እየተነሣ የሚቀጥልበት ክፍል ሳይጨመር፣ በአማርኛ ሲነበብ እንዲህ ነበር፦

ስነካ፦
እጅ = በእኔ ቤት ያለው ጠጠር
የእኔ ቤት = 0
ቦታ = የእኔ ቁጥር
እጅ = 0 እስኪሆን ድገም፦
  0.4 ሰከንድ ጠብቅ
  ቦታ = (ቦታ ለ12 ሲካፈል ቀሪው) + 1
  በዝርዝሩ ቦታ ላይ 1 ጨምር
  ከእጅ 1 ቀንስ

የቀሪው ስሌት ሰሌዳውን የሚያዞረው ነው። ከ11 በኋላ 12፣ ከ12 በኋላ 1 ይሰጣል። መጀመሪያ ላይ ግን «ቦታ + 1» ለ12 ተካፍሎ ቀሪው ተወስዶ ነበር፤ ያ ደግሞ ከ11 በኋላ 0 ይሰጣል። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከ1 ነው፣ 0 የሚባል ቤት የለም፤ ስለዚህ ቤት 12 ሁልጊዜ ይዘለላል፣ ለእሱ የታሰበው ጠጠርም የትም ሳይወድቅ ይቀራል። ይህ በመሞከሪያው ሠንጠረዥ ወዲያው ተያዘ።

ያልተያዘው ሌላው ነው። ጨዋታው በልጆቹ እጅ ለቀናት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ ለጥገና ቤቱ ባለቤት እናት ተሰጣቸው፣ ሰሌዳ ላይ የሚያሸንፋቸው የሰፈር ሰው የለም ይባላል። «እማማ፣ ዘርቶ እስኪጨርስ ትንሽ ይጠብቁት» ቢሏቸው «ገበጣ ላይ ማን ሲጠብቅ አያችሁ ልጆቼ?» ብለው ሌላ ቤት ነኩ። ጨዋታው ካለቀ በኋላ የሁለቱ ወገን ድምር 46 ሆነ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ከዚያ የባሰ መጣ፦ መዝራቱ አላቆም አለ። ፍሬው ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ ቤቶቹ ሁሉ እየሞሉ ሄዱ።

እዚህ ላይ ፍጥነቱን መቁጠር ይጠቅማል። ከላይ በተጻፈው የመጀመሪያ እንቅስቃሴ የሚጣለው ጠጠር 4 + 5 + 5 + 6 + 6፣ በድምሩ 26 ነው። በ0.4 ሰከንድ ሲባዛ 10.4 ሰከንድ። አሥር ሰከንድ ሙሉ ጣቱን የሚሰበስብ ተጫዋች የለም። ልጆቹ ግን ሠሪዎቹ ስለሆኑ፣ ምን እየሆነ እንዳለ ስለሚያውቁ፣ ሳያስቡት እየጠበቁ ነበር የሚሞክሩት። ሠሪው ብቻ የሞከረው ጨዋታ አልተሞከረም የሚባለው ለዚህ ነው።

አሁን ነገሩን ቀስ ብለን እንየው። ቤት 1 ተነክቷል። ሁለት ፍሬ ቤት 2 እና 3 ላይ ወድቋል፤ «እጅ» 2 ላይ ነው። በዚህ መሀል ቤት 6 ይነካል። የእሱም ስክሪፕት ይነሣና «እጅ = 4» ይላል። «እጅ» አንድ ነው፣ ለሁሉም ቤት የጋራ። በእሱ ላይ የነበረው 2 ተደመሰሰ። ሁለት ጠጠር ጠፋ፤ 48 የነበረው 46 ሆነ። የጠፋው ጠጠር የሄደው እዚያ ነው።

ማቆሚያ ያጣው መዝራትም ከዚሁ ይመጣል። አሁን ሁለት ስክሪፕት አንዱን «እጅ» እየተሻሙ ይቀንሳሉ። «እጅ» 1 ላይ ሲደርስ የመጀመሪያው «0 አይደለም» ብሎ ገብቶ 0.4 ሰከንድ እየጠበቀ ነው። በዚያ መሀል ሁለተኛው ከጥበቃው ይነቃና የመጨረሻውን ጥሎ «እጅ»ን 0 ያደርገዋል፣ ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይቆማል። የመጀመሪያው ይነቃል፣ አንድ ይጥላል፣ «እጅ» −1 ይሆናል። ከዚያ ይመለከታል፦ −1 ከ0 ጋር እኩል ነው? አይደለም። ይቀጥላል፤ −2፣ −3፣ −4… ወደ 0 ፈጽሞ አይመለስም።

ማስተካከያው አራት ነገር ነበር፣ አንዱ ሌላውን አይተካም።

አንደኛ፣ ቁልፍ። «ሥራ ላይ» የሚል ተለዋዋጭ ተፈጠረ። ቤት ሲነካ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፤ 1 ከሆነ ምንም አያደርግም፣ 0 ከሆነ ወዲያውኑ 1 ያደርገዋል። «ወዲያውኑ» የሚለው ይሰመርበት፤ ከመጠበቂያው ጡብ በኋላ የተቀመጠ ቁልፍ ክፍት በር ላይ እንደተንጠለጠለ ቁልፍ ነው። መክፈቻውም በአንድ ቦታ ብቻ ይሁን። መጀመሪያ ላይ ተራው ባዶ ቤት ላይ ሲያልቅ ይከፈት ነበር፣ ሲበላ ግን ተረስቶ ቀረ፤ ውጤቱ ከመጀመሪያው መብላት በኋላ ድርቅ ብሎ የሚቆም ጨዋታ ሆነ።

ሁለተኛ፣ «እጅ = 0» የሚለው «እጅ ከ1 ያነሰ» ተባለ። ቁልፉ ካለ አያስፈልግም ይባል ይሆናል። ግን ምንም ወጪ የለውም፣ ሌላ ስህተት ሲፈጠር ደግሞ ጨዋታው ቢያንስ ይቆማል።

ሦስተኛ፣ የመዝሪያው ስክሪፕት ከ12ቱ ቤቶች ወጥቶ «ዳኛ» ለተባለ አንድ ዕቃ ተሰጠ። ቤቶቹ አንዱ ተሠርቶ 11 ጊዜ የተቀዱ ስለነበሩ አንድን ስህተት 12 ቦታ ማረም ያስፈልግ ነበር፤ ቁልፉ ሲገባ ቤት 9 ተረስቶ ግማሽ ቀን አባክኗል። አሁን ቤት የሚሠራው ትንሽ ነው፤ ቁልፉን አይቶ፣ ተራው የባለቤቱ መሆኑንና ባዶ አለመሆኑን አረጋግጦ፣ ቁጥሩን «የተነካው» ላይ ጽፎ «ዝራ» የሚል መልእክት ይልካል። የቀረው የዳኛው ነው።

አራተኛ፣ ቆጣሪ። ከእያንዳንዱ ተራ በኋላ ዳኛው በ12ቱ ቤት ያለውንና ሁለቱ ወገን የበሉትን ጠጠር ይደምራል፤ 48 ካልሆነ ጀርባው ቀይ ይሆናል። ተጫዋች እንዲያየው የታሰበ አይደለም፣ ለሠሪው ነው። ከዚህ በኋላ የተገኙት ስህተቶች በሙሉ መጀመሪያ የታዩት በቀይ ጀርባ ነው።

በመሀል መጠበቂያው ከ0.4 ወደ 0.2 ሰከንድ ወርዶ ያ የመጀመሪያ እንቅስቃሴ 5.2 ሰከንድ ሆነ። እየተነሣ የሚቀጥል አዘራር አልፎ አልፎ ማለቂያ ወደሌለው ዙር ሊገባም ይችላል፤ ይህ የስልኩ ጥፋት ሳይሆን የሕጉ ጠባይ ነው። በሰሌዳ ሲሆን ሰው ይሰለችና ይስቃል፣ ስልክ ግን አይሰለችም። ስለዚህ በአንድ ተራ 200 ጠጠር ከተጣለ ዳኛው እዚያው እንዲያቆምና ተራ እንዲያሳልፍ ተደረገ።

ሥዕሉ ለምን ስልኩን ገደለው

አሮጌው ስልክ ላይ ጨዋታው ይከፈትና ወዲያው ይዘጋል። ፋይሉ 9 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ ልጆቹ ሊዋጥላቸው አልቻለም። ነገር ግን ፋይሉ ውስጥ ያለ ፎቶ የታመቀ ነው፤ ስክሪን ላይ ለመውጣት ሲፈታ እያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ይይዛል። ሰሌዳው ባለ12 ሜጋፒክስል ካሜራ የተነሣ ፎቶ ነበር፦ 4000 በ3000፣ በ4 ሲባዛ 48 ሚሊዮን ባይት፣ ለአንድ ጀርባ ብቻ። የቤቶቹ መልኮች 1000 በ1000 ሆነው ስለተቆረጡ እያንዳንዱ 4 ሚሊዮን ባይት ነው። 13 መልክ በ12 ቤት 156፤ ሁሉም ቢፈቱ 624 ሚሊዮን ባይት። 1 ጊጋባይት ራም ላለው ስልክ ይህ የማይሞከር ነው።

ሰሌዳው ወደ 1600 በ720፣ መልኮቹ ወደ 180 በ180 ወረዱ። ጀርባው 4.6 ሚሊዮን ባይት፣ 156ቱ መልኮች በድምሩ 20 ሚሊዮን ገደማ ሆኑ። አሮጌው ስልክ ላይም ከፈተ። ሥዕል አፑ ውስጥ ከገባ በኋላ መጠኑን በጡብ ማሳነስ ለዓይን እንጂ ለራም አይረዳም፤ ማሳነስ ያለበት ከመግባቱ በፊት ነው።

ሌላም የሥዕል መከራ ነበር፣ ይኸኛው ከቴሌግራም የመጣ። ፍሬዎቹን የሳለችው ልጅ ሥዕሎቹን ለጓደኞቿ እንደ ፎቶ ላከች። ቴሌግራም ፎቶን አምቆ በጄፔግ መልክ ያሳልፋል፤ ጄፔግ ደግሞ ቀለም የለሽ ቦታ አያውቅም። ክቡ ጉድጓድ በነጭ ካሬ ውስጥ ተቀምጦ ደረሰ። «እንደ ፋይል ላክ» የሚለውን መምረጥ ብቻ ነው መፍትሔው።

ከስልክ ወደ ስልክ

ፖኬት ኮድ የሠሩትን ለዓለም የሚያካፍሉበት የማኅበረሰብ ገጽ አለው። እዚያ የተጫነውን ሌላው አውርዶ ይጫወታል፣ ከፍቶ ውስጡን ያያል፣ አሻሽሎ የራሱን ያወጣል። ለልጆቹ ግን ዋናው ተጫዋች ኮቺና መንደራ ያለው ጓደኛ ነው፤ የእሱ ስልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፓኬጅ የለውም። ስለዚህ ጨዋታው የተጓዘው ዘፈንና ፊልም በሚጓዝበት መንገድ ነው፦ በዜንደርና በብሉቱዝ፣ ከእጅ ወደ እጅ።

ፕሮጀክቱ ከአማራጮቹ ውስጥ ወደ ስልኩ ማኅደር ሲወጣ ካትሮባት የሚል ቅጥያ ያለው አንድ ፋይል ይሆናል። ፋይሉ በውስጡ ተራ ዚፕ፣ ማለትም ብዙ ፋይል አንድ ላይ የታሸገበት ነው፤ ጡቦቹ የተጻፉበት የኤክስኤምኤል ፋይል፣ ሥዕሎቹና ድምፆቹ አሉበት። ችግር የመጣውም ከዚሁ ነው፤ አንዳንድ የፋይል መክፈቻ አፕ ዚፕ መሆኑን ያውቅና ይፈታዋል። የተፈታውን ማህደር ለጓደኛው የላከ ልጅ የላከው ጨዋታ ሳይሆን ብትን ሥዕል ነው። የታሸገው እንደታሸገ ይላክ፣ ተቀባዩም በፖኬት ኮድ ይክፈተው።

ተቀባዩ ደግሞ መጀመሪያ አፑ ራሱ ሊኖረው ይገባል። አፑንም በዜንደር መላክ ሲሞከር አንዳንዱ ስልክ ላይ ገባ፣ አንዳንዱ ላይ «አልተጫነም» አለ። ከፕሌይ ስቶር የሚወርድ አፕ ብዙ ጊዜ ለዚያ ስልክ ተቆራርጦ የተዘጋጀ ነው፤ ዋናው ቁራጭ ብቻውን ሌላ ስልክ ላይ ላይጫን ይችላል። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ደግሞ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የመጫን ፈቃድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ነው የሚሰጠው፤ ለዜንደር የተፈቀደው ለቴሌግራም አይሠራም። በጣም ያነሰ ጣጣ ያለው መንገድ ጥገና ቤቱ ዋይፋይ ላይ አንድ ጊዜ ከፕሌይ ስቶር ማውረድ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ጨዋታው ያለ ኢንተርኔት ይሄዳል። ሁሉም በአንድ ቀን ማውረዳቸውም ሌላ ጥቅም ነበረው፣ በአዲስ የአፑ ስሪት የተቀመጠ ፕሮጀክት በአሮጌው ላይ እምቢ ሊል ይችላልና።

በሁለተኛው ስልክ ላይ ሲከፈት ሌላ ነገር ታየ፤ ጉድጓዶቹ እንቁላል መስለዋል። በ1600 በ720 የተሠራ ጨዋታ 1280 በ720 ስክሪን ላይ እንዲለጠጥ ከተደረገ አግድሙ በ0.8 ይጠብባል፣ ቁመቱ ግን ባለበት ይቀራል፤ 180 በ180 የነበረው ቤት 144 በ180 ይሆናል። ሁለተኛው አማራጭ መጠኑ ሳይዛባ እስከሚችለው ማስፋት ነው። ያኔ ጨዋታው 1280 በ576 ይሆንና ከላይና ከታች 72 ፒክስል ጥቁር መስመር ይቀራል። ልጆቹ ጥቁሩን መረጡ፣ ልክ ነበሩ። ቤቱ ወደ 12 ሚሊሜትር ቢያንስም ክብ ሆኖ ይነካል። መጀመሪያውኑ በትንሹ ስልክ ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ የቀለለ ይሆን ነበር፤ ጠባቡ ላይ የሚመች ሰፊው ላይ አይጠብም።

ጽሑፍን በተመለከተ ውሳኔው ፈጣን ነበር። ጅማ ላይ ከሁለት ተጫዋች አንዱ በአፋን ኦሮሞ፣ ሌላው በአማርኛ ማንበብ ይቀለዋል። ሁለት ዓይነት ሥዕል ከማዘጋጀት ጽሑፉ ጭራሽ ወጣ። ተራ ያለው ወገን በኩል ትንሽ ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ ትታያለች፤ ተራው ሲለወጥ በርጩማዋ ትሻገራለች። ማንም ማብራሪያ አልጠየቀም።

አንድ ያልተፈታ ነገር የጋራ ሥራ ነው። አምስት ሰው አንድን ፕሮጀክት በተለያየ ስልክ ላይ ከነካው አምስት ፕሮጀክት ይሆናል። ለሦስት ቀን ያህል የትኛው «ገበጣ» የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ፋይሉ በቁጥር ተሰየመ፣ ገበጣ 14፣ ገበጣ 15፤ በአንድ ጊዜ ጡብ የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ማን እንደያዘው በጥገና ቤቱ ግድግዳ ላይ በእስክሪብቶ ይጻፋል። ሥዕልና ድምፅ የሚሠሩት ግን ጎን ለጎን ይቀጥላሉ፤ የእነሱ ሥራ ፋይል ስለሆነ ኋላ ይገባል።

ተመልሶ የመጣው ቅጂ

ትምህርት ሊከፈት ሲል ገበጣ 17 ከሌላ ሰፈር በዜንደር ተመልሶ መጣ። ስሙ ተቀይሯል፣ ጀርባው ሌላ ነው፣ በየቤቱም 4 ሳይሆን 3 ጠጠር አለ። ያሻሻለው ልጅ አንድ ቅሬታ ይዞ ነበር፦ እያንዳንዱ ተራ ሲያልቅ ስክሪኑ ቀይ ይሆንበታል። 3 በ12 ሲባዛ 36 ነው፤ ቆጣሪው ግን 48 ካላገኘ ይቀላል። 48 የሚለው ቁጥር በዳኛው ስክሪፕት ውስጥ በእጅ ተጽፎ ቀርቶ ነበር። «መነሻ» የሚል ተለዋዋጭ ተጨመረና ቤቶቹ ሲሞሉም ቆጣሪው ሲደምርም ከእሱ እንዲያነቡ ተደረገ፣ ድምሩ 12 በ«መነሻ» ሲባዛ ማለት ነው። የ3 እና የ4 ምርጫውም በርጩማዋን ከጨዋታው በፊት በመንካት የሚቀየር ሆኖ በገበጣ 18 ገባ።